አሥር ፍሬ ለአሥር ቤት፤ ስለ ጓሮ ቃሪያና ዘሩን ስለ መጋራት ያለን አስተያየት

በደንዲ ወረዳ፣ በተለይም በጊንጪ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ ከቤት ጀርባ ከጎመኑና ከእንሰቱ አጠገብ ጥቂት የቃሪያ ተክሎች ቆመው ማየት የተለመደ ነው። እነዚህ ተክሎች በሄክታር ስለማይለኩ በሰብል ሪፖርታችን ውስጥ አይገቡም። የሚንከባከቧቸውም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ወደ ቤቱ ስንሄድ ስለ ጤፉና ስለ ስንዴው ከአባወራው ጋር ተነጋግረን እንመለሳለን። ስለዚህ ጓሮው ለዘመናት ያለ ምክር ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት ሁለት ነገር የያዘ ነው። አንደኛ፣ በደንዲ የቃሪያ ልማት ቦታው ማሳው ሳይሆን ጓሮው ነው። ሁለተኛ፣ ጓሮው የሚሻሻለው ችግኝ በማከፋፈል ሳይሆን ጎረቤት ለጎረቤት ጤነኛ ዘር በማካፈል ነው።

ደንዲ የበርበሬ አገር ነውን?

ቃሪያና በርበሬ አንድ ተክል መሆናቸው የታወቀ ነው። ፍሬው በእሸትነቱ ሲለቀም ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ ይባላል። ሚጥሚጣ ግን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው። በአገራችን በርበሬ በስፋት የሚለማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2100 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ማረቆ፣ አላባ፣ በምዕራብ ጎጃም ቡሬና አካባቢው፣ በእኛም ዞን በምዕራቡ ጫፍ ባኮ የታወቁ የበርበሬ አገሮች ናቸው። ጊንጪ ከዚህ ክልል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ወደ ደንዲ ሐይቅ አቅጣጫ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይበረታል፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭም ቃሪያን በአንድ ሌሊት ያቃጥላል።

ስለዚህ በደንዲ የበርበሬ ማሳ በስፋት እንዲያዝ የሚመክር ሰው ገበሬውን ለኪሳራ ይዳርገዋል ብለን እናምናለን። በክረምት የተተከለ በርበሬ ፍሬው መቅላት በሚጀምርበት ሰዓት ውርጩ ይደርስበታል። ጓሮ ግን ከማሳ ይለያል። ቤቱና አጥሩ ነፋሱን ይከለክሉለታል፤ ፍግና አመድ ቅርብ ነው፤ የእጅ ውኃ ይደርሰዋል፤ በብርድ ሌሊትም ጥቂት ተክል በሣር መሸፈን ይቻላል። ለሄክታር የማይቻለው ነገር ለሠላሳ ተክል ይቻላል። ከ2500 ሜትር በላይ ባሉት ቀበሌዎች ግን ይህንንም ቢሆን አንመክርም፤ እዚያ ጎመኑና ድንቹ ይበጃሉ።

የሠላሳ ተክል ሂሳብ

ለገበሬው ከመምከራችን በፊት ሂሳቡን ራሳችን መሥራት ይገባናል። በረድፎች መካከል 70 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢሰጥ አንድ ተክል የሚይዘው ቦታ ከሩብ ካሬ ሜትር ያንሳል። ሠላሳ ተክል ከ6 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ብቻ ይበቃዋል። በዚህ ርቀት በአንድ ሄክታር 47,600 ያህል ተክል ይቆማል። ከሄክታሩ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ደረቅ በርበሬ ቢገኝ፣ ለአንድ ተክል የሚደርሰው ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። እንግዲህ ሠላሳ ተክል በጥሩ ሁኔታ ቢያዝም የሚሰጠው አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ በርበሬ ነው።

ይህ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት በርበሬ አይሆንም። ስለዚህ “ከጓሮአችሁ በርበሬ ትችላላችሁ” ብለን ተስፋ መስጠት አይገባንም። በእሸትነቱ ሲለቀም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቃሪያ እየተለቀመ በሄደ ቁጥር ማበቡንና ማፍራቱን ይቀጥላል፤ ሠላሳ ተክል በየሳምንቱ እየተለቀመ ለወጡ፣ ለስንጉና ለቆጭቆጫው ይበቃል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሄዳል። በጾም ወራት በሽሮ ላይ የሚቀመጥ ጥሬ ቃሪያ ለማጣፈጫ ብቻ የሚያገለግልም አይደለም። የሀንጋሪው ሊቅ አልበርት ሰንት ጆርጂ ለምርምሩ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያገኘው በአገሩ ከሚበቅል የበርበሬ ዘር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማትን አግኝቷል። አትክልት እምብዛም በማይገባበት ማዕድ አንድ ጥሬ ቃሪያ ትልቅ ነገር ነው።

ዘሩ ከየት ይመጣል?

ችግሩ የሚጀምረው ከዘሩ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚዘራው ለወጥ ከተገዛው ዛላ በርበሬ ላይ የተራገፈውን ፍሬ ነው። ይህ ዘር ከየትኛው ተክል እንደ መጣ፣ እናት ተክሉ ታማሚ ይሁን ጤነኛ አይታወቅም። በጆንያ ውስጥ በእርጥበት የከረመ ከሆነም ግማሹ አይበቅልም። ሌላው ልማድ ደግሞ የማረውን ፍሬ በልቶ ከመጨረሻው ከተጨማደደው ላይ ዘር መውሰድ ነው። ለእህል ዘር የሚመረጠው ዛላ ቀድሞ ተለይቶ እንደሚሰቀል ሁሉ ለቃሪያም እንዲሁ መደረግ ሲገባው፣ ጓሮ ነው ተብሎ ተንቋል።

የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው ዝርያዎች እንዳሉ እናውቃለን። ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል የቆዩት ናቸው፤ ከመልካሳ የወጡት መልካ ዛላ፣ መልካ ሾጤና መልካ አዋዜም አሉ። እነዚህ ሁሉ ድቅል ስላልሆኑ ከራሳቸው ዘር ቢወሰድ በጥንቃቄ እስከ ተያዙ ድረስ ባሕርያቸውን ይጠብቃሉ። ችግሩ ለሠላሳ ተክል ብሎ የሚመዝን ሻጭ አለመኖሩ ነው። አንድ ግራም የበርበሬ ዘር 150 ያህል ፍሬ ይይዛል፤ አንድ ቤት የሚያስፈልገው ከግራም ሢሶ አይበልጥም። ይህን የመሰለ ጥቂት ዘር ወደ ሺህ ቤት ሊያደርስ የሚችለው የጎረቤት እጅ ብቻ ነው።

በርበሬ በመጀመሪያ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1492 ወዲህ ነው። ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰብ እስኪሆን ድረስ የተስፋፋው የልማት ሠራተኛም፣ የችግኝ ጣቢያም ሳይኖር፣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ዘር ነው። እኛ የምንለው ይህ መንገድ ይጠገን ነው።

የራሳችን ስሕተት

ይህን አስተያየት የያዝነው ከስሕተታችን ተምረን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቀበሌ ቤተሰቦች ብዙ የቃሪያ ችግኝ ከአንድ የችግኝ ጣቢያ አስመጥተን አከፋፈልን። ችግኙ ለምለም ነበር፤ ሪፖርቱም አማረ። ክረምቱ ሲገባ ግን ተክሎቹ ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደ ሆነ ይጠወልጉ ጀመር። ሥራቸውን ነቅለን ብናይ በስብሷል። አንዲት እናት ጓሮአቸውን እያሳዩን፣ “ልጄ፣ ችግኙን ስትሰጡኝ አፈሩንም አብራችሁ ሰጣችሁኝ” አሉን። “እማማ፣ ሌላ እንተካልዎታለን” ብንላቸው፣ “የት ላይ? መሬቱ እኮ ታሟል” ሲሉ መለሱልን።

እውነታቸውን ነበር። የበርበሬን ሥር የሚያበሰብሱና የሚያጠወልጉ በሽታዎች በችግኙ ሥር ላይ ባለው አፈር ይጓዛሉ፤ አንዴ ከገቡም በመሬቱ ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። የባክቴሪያ አጠውልግ ከቃሪያ ሌላ ድንችንና ቲማቲምንም ያጠቃል። ስለዚህ ድንች ለሚያለማ የደንዲ ገበሬ የታመመ የቃሪያ ችግኝ ወደ ጓሮው ማስገባት ድንቹን ጭምር ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እኚያ እናት የጠየቁት ጥያቄ መልስ ያገኘው ከሌላኛው የቤታቸው ጎን፣ ምንም ካልተተከለበት ቦታ ላይ፣ እርሳቸው ራሳቸው ከእህታቸው ባመጡት ዘር ነው። እኛ የረዳናቸው ምርጫውን በማሳየት ብቻ ነበር።

ከዚህ የተማርነው፣ ችግኝ ከመንደር ወደ መንደር መጓዝ እንደሌለበት ነው። ዘርም ቢሆን በሽታ አያስተላልፍም ማለት አይደለም፤ የቅጠል ነጠብጣብ የሚያመጣው ባክቴሪያ በዘር ላይ ይጓዛል። ይሁን እንጂ ዘር ሊመረጥ፣ ሊታጠብና ሊደርቅ ይችላል፤ ከችግኝ ጋር የመጣን አፈር ግን ማንም አያጥበውም።

አሥር ፍሬ ከአሥር ተክል

አንድ ደህና ፍሬ በአብዛኛው ከ50 በላይ ዘር ይይዛል። ከአሥር ተክል አንድ አንድ ፍሬ ቢወሰድ ከ500 በላይ ዘር ይገኛል። ለእያንዳንዱ ቤት 50 ዘር ቢሰጥ፣ የማይበቅለውና የሚሞተው ተቀንሶ ሠላሳ ተክል ይቆማል። ስለዚህ አሥር ፍሬ ለአሥር ቤት ይበቃል። ከአንድ ተክል አሥር ፍሬ ከመውሰድ ይልቅ ከአሥር ተክል አንድ አንድ መውሰድ የሚሻለው፣ የአንዱ ተክል ድክመት ለመንደሩ ሁሉ እንዳይደርስ ነው። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. እናት ተክሎቹ የሚመረጡት ፍሬው ገና እሸት ሳለ፣ ተክሉ በሙሉ በሚታይበት ጊዜ ነው። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ፣ የተኮማተረ ወይም የቀጨጨ ተክል ዘር አይወሰድበትም። በተመረጠው ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ የቤቱ ልጆችም እንዳይለቅሙት ይነገራቸው።

2. ከእያንዳንዱ ተክል ቀድመው ከያዙት ፍሬዎች ሁለት ሦስቱ ለዘር ይተዉ። ቀድመው የያዙት ዝናቡ ሳይበረታ ይቀላሉ። ሌላው ሁሉ በእሸቱ ይለቀም።

3. በአንድ ጓሮ የሚያቃጥልና የማያቃጥል ዓይነት አብሮ ካለ ንብና ሌሎች ነፍሳት ያዳቅሏቸዋል። የዚያ ዓመት ፍሬ ጣዕሙ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው ግን ይለወጣል። ስለዚህ ለዘር የታሰበው ቅርንጫፍ ገና ሳያብብ በስስ ጨርቅ ይሸፈን፤ ቃሪያ በራሱ ጽጌ ብናኝ ስለሚራባ ያፈራል። ፍሬው ከያዘ በኋላ ጨርቁ ይነሣና ክር ይታሰርበት።

4. ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ተለቅሞ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ ይቆይ። ከዚያ ተሰንጥቆ ዘሩ ይውጣ። የሚያቃጥለው ነገር የሚገኘው ዘሩን በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይነካ፤ ሕፃንም አይታቀፍ።

5. ዘሩ በሰሃን ላይ ተበትኖ በጥላና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይድረቅ። በምድጃ ላይ መስቀል ዘሩን ይገድለዋል። በጥፍር ሲጫኑት የማይታጠፍና የሚሰበር ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። በወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

6. ማኅበሩ የሙቀት መለኪያ ካለው፣ ዘሩን በ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነክሮ ማድረቅ በላዩ ላይ ያለውን የባክቴሪያ በሽታ ይቀንሳል። ያለ መለኪያ በግምት ይህን መሞከር ዘሩን መቀቀል ነው፤ አይደረግ።

ጊዜውና መደቡ

በጊንጪ ዙሪያ ውኃ ቅርብ ለሆነለት ቤት በበኩላችን የምንመርጠው የበጋውን ተከላ ነው። ዘሩ በኅዳር መጨረሻ በትንሽ መደብ ላይ በመስመር ይዘራ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ማታ ማታ በሣር ወይም በሰሌን ይሸፈንና ጧት ይገለጥ። የውርጩ ኃይል ሲደክም፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወር። በዚህ አኳኋን ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ቃሪያ ይለቀማል፤ ለዘር የተተወውም ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ይቀላል።

የጊንጪ መሬት አብዛኛው መረሬ ነው። የሆለታ ምርምር ማዕከል በጊንጪ የመረሬን ውኃ ለማጠንፈፍ ለብዙ ዓመታት የሠራው ሥራ ለስንዴና ለጤፍ ብቻ የተባለ እንዳይመስለን። ቃሪያ ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ይታፈናል፤ ሥር አበስባሹም በሽታ የሚስፋፋው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ በመካከሉም ውኃ መውረጃ ይኑረው። በአንድ ቦታ ላይ ቃሪያ፣ ድንች ወይም ቲማቲም ከተነሣ በኋላ ለሦስት ዓመት ከእነዚህ አንዱም አይመለስ፤ ጎመን፣ ሽንኩርት ወይም ባቄላ ይተካ።

ቅጠሉን የሚያዥጎረጉሩት የቫይረስ በሽታዎች በአብዛኛው በክሽክሽ ይተላለፋሉ። በጓሮው ዳር ሁለት ረድፍ በቆሎ ቀደም ብሎ መዝራት ክሽክሹ መጀመሪያ በበቆሎው ላይ አርፎ አፉን እንዲያጸዳ ያደርገዋል፤ በሽታውም ይቀንሳል። የታመመ ተክል ግን መድኃኒት የለውም፤ ይነቀል።

ተክል ሲጠወልግ ያየ የልማት ሠራተኛ ግንዱን በግዴታ ቆርጦ ጫፉን በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይንከረው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከግንዱ ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ያ ጓሮ ዘርም፣ ችግኝም፣ የድንች ዘርም ለማንም እንዳይሰጥ ቤተሰቡን በክብር ማስረዳት ይገባል።

ለቀማውና ማካፈሉ

ቃሪያ ሲለቀም ፍሬው ከነእንብርቱ በእጅ ተይዞ ወደ ላይ ይቀንጠስ፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ሌላው እጅ ይደግፈው። ጤዛ ሳይደርቅ ወይም በዝናብ ጊዜ መልቀም በሽታን ከተክል ወደ ተክል ማሸጋገር ነው። ቀልቶ ለበርበሬ የሚደርቅ ጥቂት ካለም መሬት ላይ አይሰጣ፤ በቆጥ ወይም በሰሌን ላይ ይሁን። በእርጥበቱ የተከማቸ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መፍጨትም መቁላትም ይህን መርዝ አያጠፋውም።

በመንደሮቻችን የተረፈ ቃሪያ በቡና ሰዓት ለጎረቤት መሄዱ የቆየ ደግ ልማድ ነው። እኛ የምንጨምርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘርም በዚያው ሰዓት ይሰጥ። ሲሰጥም ሦስት ቃል አብሮት ይሂድ፤ ከማን ጓሮ እንደ መጣ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተለቀመ፣ የሚያቃጥል ይሁን አይሁን። ይህ በወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ማንበብ ለማይችል ቤት በቃል ይበቃል። ዘሩን የተቀበለ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ አሥር ፍሬ መርጦ ለሌላ ቤት ይስጥ። ዋጋው ይኸው ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቻችን “ይህ የተመሰከረለትን ዘር ማሳነስ ነው” ይሉናል። አይደለም። በባኮ አካባቢ በማሳ ለሚያለማና ለገበያ ለሚያቀርብ ገበሬ የተመሰከረለት ዘር የግድ ነው። ለጓሮም ቢሆን ማኅበሩ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ዘር ከምርምር ማዕከል አምጥቶ ለጥቂት ትጉሃን እናቶች ቢሰጥና ከእነርሱ ቢስፋፋ ደስ ይለናል። የምንቃወመው እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ ከጆንያ መዝራትን ነው።

ሌሎች ደግሞ “ጥቂት ቃሪያ ምን ያህል ገቢ ያስገኛል?” ይላሉ። ብዙ አያስገኝም። ነገር ግን እናት ተክል መምረጥን በቃሪያ የተማረች ሴት ይህንኑ ዓይን ወደ ድንቹና ወደ ባቄላው ታመጣዋለች። ጓሮው ሰው ሳይከስር የሚሳሳትበት ትምህርት ቤት ነው። በማሳ ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን የዓመት ቀለብ ያስከፍላል።

ከእኛና ከማኅበራት የሚጠበቀው

የልማት ሠራተኞች በሚያዝያና በግንቦት ወር ወደ ጓሮ ገብተው ከቤቱ እመቤት ጋር ሆነው ቀይ ክር ይሰሩ፤ ለዚህ ሥራ ከአባወራው ጋር መነጋገር ብቻ አይበቃም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ የታወቁ ጥቂት የዘር እናቶችን መዝግቦ ጓሮአቸውን ከአጠውልግ ነፃ መሆኑን በየዓመቱ ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው፣ ለዓመት የሚሆነውን ደረቅ በርበሬ ከባኮ አካባቢ ማኅበራት በጅምላ መግዛት ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ደንዲም በፋንታው የሚልከው ስንዴና ሽምብራ አለው። ጓሮው ቃሪያውን፣ ማኅበሩ በርበሬውን ቢችሉ ቤቱ አይጎድልበትም።

የአዋሽ ወንዝ ከዚሁ ከጊንጪ አቅራቢያ ተነሥቶ ሜዳውን ሁሉ እያጠጣ እስከ አፋር ይወርዳል፤ መነሻው ላይ ግን ሰው የሚሻገረው ጅረት ነው። ከእያንዳንዱ ጓሮ የሚወጣው አሥር ፍሬም ትንሽ ነው። ዘንድሮ በአንድ ቀበሌ አሥር የዘር እናቶች ለአሥር አሥር ቤት ቢያካፍሉ፣ በመጪው ዓመት መቶ ቤት ከጆንያ መዝራቱን ያቆማል። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት አንድ ድውር ቀይ ክር ነው። ክሩን ገዝተን እንጀምር።